የተቈረጠ ሹራብ እንዳይተረተር

ስለ መተማ ሲነሣ በሰው አሳብ ቶሎ የሚመጣው ሙቀቱ፣ ሰሊጡና ጥጡ ነው። ስለዚህ ከዚህ አገር ስለ ሹራብ መጻፍ ቀልድ የሚመስለው አንባቢ አይታጣም። ነገር ግን ከመተማ ዮሐንስ ተነሥቶ በገንዳ ውኃና በአይከል በኩል ወደ ጐንደር የሚወጣ መንገደኛ፣ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ከሆነው ቆላ ለቆ በአንድ ቀን ከ2,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር የአየሩ ሙቀት በ6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ጧት ያላበው ሰው ማታ ይንቀጠቀጣል። ደባርቅማ ከጐንደርም በላይ ናት፤ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እንግዲህ የቆላ ልጅ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ፣ ወይም ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ከመተማ ወደ ዳባት ሲዛወር፣ አስቀድሞ የሚፈልገው ሹራብ ነው።

አዲስ ሹራብ ግን ለተማሪ ኪስና ለጀማሪ ደመወዝ ይከብዳል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰው ከልባሽ ጨርቅ መካከል የተገኘውን ሰፊ ሹራብ ይገዛል፤ ወይም የታላቅ ወንድሙን ይወርሳል፤ ከዚያም እንዲያጠብለት ወደ ልብስ ሰፊ ይወስደዋል። የቆላ ልብስ ሰፊ እጁ የለመደው ስስ ሸሚዝ፣ ጀለቢያና የተማሪ ዩኒፎርም ነው፤ ሹራብ በዓመት ስንት ጊዜ ይገጥመዋል? ስለዚህ እንደ አቡጀዲ ዘርግቶ፣ በመቀስ ቈርጦ፣ በቀጥታ ስፌት ገጥሞ ይሰጠዋል። ለጥቂት ቀን ያምራል። በራስ በኩል ሲጠለቅ፣ ሲወልቅና ሲታጠብ ግን የስፌቱ ክር ይበጠሳል፤ ጐኑ ይከፈታል፤ ጠርዙም እየተተረተረ ይሄዳል። ያን ጊዜ ገንዘቡም ሙቀቱም አብረው ይጠፋሉ። ይህን ለመከላከል የሚያስፈልገው ዕውቀት ብዙ አይደለም፤ እርሱም ከጨርቁ አሠራር ይነሣል።

የመተማና የቋራ ቆላ የሚያበቅለው ጥጥ ተፈትሎ በሸማኔ እጅ ሲገባ፣ ድሩ በቁመት ይወጠራል፤ ማጉም በድሩ መካከል ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ድርና ማግ እርስ በርሳቸው ስለሚጠባበቁ፣ ሸማ ሲቈረጥ ጠርዙ ቢመዘዝም መካከሉ አይፈታም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። ሹራብ ግን ድር የለውም። ክሩ እየታጠፈ ቀለበት ይሠራል፤ ቀጣዩ ቀለበት በፊተኛው ውስጥ ያልፋል፤ እንዲህ እየተንጠላጠለ ልብስ ይሆናል። ስለዚህም ሲስቡት ይለጠጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል፤ በቀለበቶቹ መካከል አየር ስለሚይዝም ያሞቃል። ጕዳቱ፣ አንዱ ቀለበት ሲበጠስ በእርሱ ላይ የተንጠለጠለው ሁሉ ደጋፊ ማጣቱ ነው።

ይህን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ በመኪና የሠራው ዊልያም ሊ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ነው ይባላል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1589 ያወጣው መኪና ይሠራ የነበረው ግን ሹራብ ሳይሆን የእግር ሹራብ፣ ማለት ካልሲ ነበር። የሚያስገርመውም፣ በሱዳን ዐረብኛ «ሹራብ» የሚባለው እኛ ካልሲ የምንለው መሆኑ ነው። ስለዚህ ከገላባት ነጋዴ ሹራብ የሚጠይቅ አማርኛ ተናጋሪ ካልሲ ቢቀርብለት አይቈጣ።

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ሹራቡ ከምን እንደ ተሠራ መለየት ይገባል። ከውስጥ ስፌቱ አንዲት ክር መዝዞ በክብሪት ማቃጠል ነው። የተቃጠለ ጠጕር ከሸተተ ሱፍ ነው፤ የተቃጠለ ወረቀት ከሸተተ ጥጥ ነው፤ ቀልጦ እንደ ጠጠር የጠነከረ ጠብታ ከሆነ ሰው ሠራሽ ነው። ከዚያም ሳይቈረጥ ለብ ባለ ውኃ ይታጠብ፤ የሚጠብ ከሆነ ከመሰፋቱ በፊት ይጥበብ። ሲደርቅም ተንጋሎ እንጂ በገመድ ተሰቅሎ አይሁን፤ የውኃው ክብደት ይጐትተዋልና።

ቀጥሎ የሚመጣው መቍረጥ ነው። ጨርቁ ከጠረጴዛው ጫፍ ወደ ታች አይንጠልጠል፤ ከተንጠለጠለ ተለጥጦ ይቈረጣል፤ በኋላ ሲሰበሰብ ልኩ ያጥራል። የሚቈረጥበት መሥመር በጠመኔ ከተሠመረ በኋላ፣ ከመሥመሩ ግራና ቀኝ አንዳንድ ስፌት ይሰፋ፤ መቀስ የሚገባው በሁለቱ መካከል ነው። እንዲህ ሲሆን ቀለበቶቹ ሳይበጠሱ አስቀድመው ተይዘዋል። የታችኛው ወገብና የእጅጌው ጫፍ ግን ፋብሪካ ጨርሶ ያበጃቸው ጠርዞች ስለሆኑ፣ ከተቻለ ሳይነኩ ቢቀሩ ይሻላል፤ ጥበቱም ከጐንና ከእጅጌ ሥር ይወሰድ።

ለስፌቱ ጫፉ ዱልዱም የሆነ መርፌ ያስፈልጋል፤ ሹል መርፌ ክሩን ይበሳል፣ ዱልዱሙ ግን በቀለበቶቹ መካከል ገለል አድርጎ ያልፋል። ስፌቱም እንደ ልብሱ መለጠጥ አለበት። ዚግዛግ የሚሰፋ መኪና ካለ መልካም ነው። ቀጥታ ብቻ የሚሰፋ የእግር ሲንጀር ከሆነ፣ ሰፊው ጨርቁን በሁለት እጁ በጥቂቱ ለጠጥ እያደረገ፣ በጠንካራ የፖሊስተር ክር ይስፋ። ትከሻው ላይ ግን መለጠጥ አይፈለግም፤ እጅጌው በክብደቱ እንዳይጐትተው ከስፌቱ ጋር ቀጭን የጥጥ ጥብጣብ ይግባበት።

የሥራው ሁሉ መጨረሻ ጠርዙ ነው። የተቈረጠው ጫፍ በኦቨርሎክ ቢዘመዘም ይመረጣል። እርሱ ከሌለ በእጅ መርፌ፣ ክሩን በጠርዙ ላይ እያዞሩ፣ በየግማሽ ሳንቲ ሜትሩ መዘምዘም ይበቃል፤ ክሩ ግን ተጠብቆ አይሳብ። ለአንገት ከተቈረጠው ላይ የሚለጠጥ ጥብጣብ ይወጣለታል። ይህ ጥብጣብ ከአንገቱ ዙሪያ ማጠር አለበት፤ ዙሪያው 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ጥብጣቡ ከመጋጠሚያው ሌላ 42 ገደማ ይሁን። ሁለቱም በአራት እኩል ተከፍለው በስፒል ከተያያዙ በኋላ፣ ጥብጣቡ ብቻ እየተሳበ ይሰፋል። እኩል ከሆነ ግን አንገቱ እንደ ቅጠል ይንዘላዘላል። በመጨረሻም እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ የከሰል ካውያን ማሳረፍና ማንሣት ነው፤ መግፋት አይገባም። ሰው ሠራሽ ከሆነማ ካውያው ባይነካው ይሻላል፤ ይቀልጣል።

የተረፈውም አይጣል። ከተቈረጠ እጅጌ የሕፃን ቆብ ይወጣል፤ የእጅጌው ጫፍ ለቆቡ የተዘጋጀ ጠርዝ ነው፤ ሌላኛው አፍ በክር ተሰብስቦ ይታሰራል።

እንግዲህ ሹራባችሁን ለልብስ ሰፊ ከመስጠታችሁ በፊት፣ ሳይቈርጥ እንዲሰፋው፣ በምን መርፌ እንደሚሰፋውና ጠርዙን በምን እንደሚዘመዝመው በትሕትና ጠይቁት። የሚጨመረው ዋጋ አንድ መርፌ፣ ጥቂት ክርና የአንድ ሰዓት ትዕግሥት ነው። የደባርቅ ሌሊት ግን ረጅም ነው፤ ሹራቡም እስኪነጋ መቈየት አለበት።