ያውቁ ኖሯል? ከእንቁጣጣሽ እስከ ቡሄ፣ ልጆች እጃቸውን የሚያስገቡበት በዓል

በዓል ሲቃረብ ቤቱ ሁሉ ይተራመሳል፤ ሽንኩርት ይከተፋል፣ ጌሾ ይወቀጣል፣ ምንጣፍ ይራገፋል። ልጆች ግን አብዛኛውን ጊዜ «ከእግሬ ሥር ጥፉ» ተብለው ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣሉ። በዓል ልጅ ልብ ውስጥ የሚቀረው እጁን ሲያስገባበት ነውና የዛሬው ዓምዳችን ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያሉትን በዓላት ተከትሎ ጥቂት እውነታዎችንና ቤተሰብ አብሮ የሚሠራቸውን ነገሮች ይዞ ቀርቧል።

መስከረም

● አንዲት አደይ አበባ አንድ አበባ ብቻ እንዳልሆነች ያውቁ ኖሯል? አደይ ከሱፍ አበባ ጋር አንድ ወገን ናት። ዙሪያዋን የከበቡት ቢጫ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው፤ መሐሏ ላይ ያለው ጉብታም የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። ለልጆች ማጉያ መነጽር ይስጧቸውና አንዷን ፈልቅቀው ይቁጠሩ። አደይ በማይበቅልበት አገር የሚኖሩ ቤተሰቦች ቢጫ ወረቀት፣ መቀስና ሙጫ ይበቃቸዋል። የወረቀት አደዮቹን እንደ እንግጫ በቀጠነ አረንጓዴ ወረቀት አስረው ልጆቹ ራሳቸው ለጎረቤት ያድርሱ።

● በእንቁጣጣሽ ጠዋት ወንዶች ልጆች የሣሉትን ሥዕል ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ለዚህ ሥዕል የሚሆን፣ መልኩን የሚለውጥ ቀለም ከወጥ ቤት እንደሚገኝ ያውቁ ኖሯል? አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በግማሽ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ በጥብጠው ነጭ ወረቀት ይቀቡና ይድረቅ። ከዚያ ልጁ ጥጥ የተጠመጠመበትን ስንጥር በልብስ ሳሙና ውሃ እየነከረ ቢጫው ወረቀት ላይ ይሣል። ሳሙናው የነካው መስመር ዓይኑ እያየ ቀይ ይሆናል። ሎሚ ጠብ ሲያደርግበት ደግሞ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን የተባለ ቀለም በሳሙና ሲቀላ በአሲድ ቢጫ የሚሆን ነው። እርድ ከልብስ ስለማይለቅ አሮጌ ሸሚዝ ያልብሷቸው።

● የዓመቱ ወንጌላዊ ማን እንደሆነ በአንድ ማካፈል እንደሚታወቅስ ያውቁ ኖሯል? ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ይደምሩና ለ4 ያካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ ነው፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ደግሞ ዮሐንስ። ለምሳሌ 2018 ላይ 5,500 ሲደመር 7,518 ይመጣል፤ ለ4 ሲካፈል 2 ይቀራል፣ ማርቆስ ማለት ነው። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው። ምሳ እስኪቀርብ ልጆች የአያታቸውን፣ የእናታቸውንና የራሳቸውን የልደት ዓመት ይዘው ወንጌላዊውን ይፈልጉ፤ ቀድሞ ያገኘ ዳቦውን ይቁረስ።

● የመስቀል በዓል እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። ደመራ በአብዛኛው ቦታ መስከረም 16 አመሻሽ ላይ፣ አንዳንድ ቦታ ግን መስከረም 17 ጠዋት እንደሚለኮስ ያውቁ ኖሯል? ግቢ ያለው ቤተሰብ ትንሽ ደመራ ይሥራ። እንጨቱን መልቀምና ጫፉ ላይ አደይ ማሰር የልጆች፣ ማቆምና መለኮስ የአዋቂ ሥራ ይሁን፤ አንድ ባልዲ ውሃም አጠገቡ ይቀመጥ። ወደየት እንደሚወድቅ እያንዳንዱ ቀድሞ ይገምት።

● ወሎ ውስጥ ያለችው ግሸን ማርያም፣ ግማደ መስቀሉ ያረፈባት የምትባለው፣ ራሷ በመስቀል ቅርጽ ተራራ ላይ እንዳለች ያውቁ ኖሯል? የንግሥ በዓሏ መስከረም 21 ነው። ልጆች ተራራውን በማይበላ ሊጥ ይሥሩት፦ ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ አንድ ኩባያ ያህል ውሃ። ጨው ስለበዛበት አይሻግትም፤ ጥላ ውስጥ ለቀናት ደርቆ ይጠነክራል፣ ቀለምም ይይዛል።

● ከመስቀል በኋላ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ በሚከበረው ኢሬቻ ሰዉ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውሃው ይወርዳል። ልጆች በዋዜማው ሣሩን መርጠው፣ እኩል አድርገው፣ አበባውን መሐሉ ሰክተው ለየቤተሰቡ አባል አንዳንድ እቅፍ ያዘጋጁ።

ከኅዳር እስከ ጥር

● የቤተ እስራኤል የስግድ በዓል ከዮም ኪፑር 50 ቀን በኋላ እንደሚውልና የእስራኤል ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል እንዳደረገው ያውቁ ኖሯል? ቄሶቹ ባለቀለም ጥላ ይዘው ይወጣሉ፤ ጾሙ ሲፈታም ዳቦ ይቆረሳል። ክብ ካርቶን እስከ መሐሉ ሰንጥቀው ሲያደራርቡት የጥላ ቅርጽ ያወጣል። ዳሩን በክር ዘርፍ ያስጊጡት፣ ለእጀታው ቀጥ ያለ ስንጥር ይበቃል። ይኸው የወረቀት ጥላ ለጥምቀትም ያገለግላል።

● ገና በታኅሣሥ 28 የሚውልበት ዓመት እንዳለ ያውቁ ኖሯል? ጳጉሜን 6 ቀን ሆና ባለፈች ማግስት በሚገባው ዘመነ ዮሐንስ ገና ከታኅሣሥ 29 አንድ ቀን ቀድሞ ይከበራል። በላሊበላ ደግሞ የጌታ ልደትና የንጉሥ ላሊበላ ልደት በአንድ ቀን ይታሰባሉ።

● በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ ሳይለዩ እኩል ይጋጠማሉ፣ ማንም ማንንም አይቆጣም። ከተማ ውስጥ፣ በተለይ ኮንዶሚኒየም ላይ፣ የእንጨት ሩር መምታት ለመስኮትም ለሰውም አይመችም። ለዱላው ጋዜጣ ጠበቅ አድርገው ጠቅልለው ጫፉን በማጠፍ በፕላስተር ያስሩት፤ ኳሱ የካልሲ ኳስ ይሁን። አባትና እናት ከልጆች ጋር ሲጋጠሙ ደንቡ ያው የጥንቱ ነው፦ የተሸነፈ አይኮርፍም።

● ፈንዲሻ የሚፈነዳው ውስጡ ባለው ውሃ ኃይል እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ጥሩ ፍሬ ከክብደቱ 14 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። ሙቀቱ ወደ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ገለባውን ይበረግደዋል። ከመጠን በላይ የደረቀ በቆሎ ምጣዱ ላይ ደርቆ የሚቀረው ለዚህ ነው። ያደረ ፈንዲሻ በመርፌ ሲወጋ ቶሎ አይፈረፈርም፤ ልጆች በክር ሰክተው በር ላይ ይስቀሉት። ቡናው ሲፈላም ሥራ ይከፋፈሉ፦ በአቦል አንዱ ቄጤማ ይጎዝጉዝ፣ በቶና ሌላው ፈንዲሻ ያዙር፣ በበረካ ትንሹ ልጅ ስኒ ይሰብስብ።

● «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው ያለ ነገር አይደለም፤ ጥምቀት የጥበብ ልብስ አደባባይ የሚወጣበት ቀን ነው። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ሸማኔው የጥበቡን ጥለት የሚያወጣው ክር በመቁጠር እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ልጆችም ይህን በሒሳብ ደብተራቸው ባለካሬ ወረቀት መሞከር ይችላሉ፦ መሐል ላይ መስቀል ወይም ሰያፍ ካሬ ይጀምሩ፣ በቀኝ የቀቡትን ካሬ በግራም እኩል ቆጥረው ይቅቡ። አንድ ካሬ ከተሳሳተ ጥለቱ በሙሉ ይዛባል፤ ልጁ የሸማኔውን ድካም የሚረዳው ያኔ ነው። ሽሮ ሜዳ አጠገብ የሚኖር ሰው ልጁን ሥራው ላይ ወዳለ ሸማኔ ወስዶ ያሳየው።

ጾም፣ ፋሲካና ኢድ

● የሆሳዕና ዘንባባ የሚሰነጠቀው ገና ሳይደርቅ መሆኑን ልብ ብለው ያውቃሉ? እርጥቡ ቅጠል ይተጣጠፋል፣ የደረቀው ይቀነጠሳል። ስለዚህ ልጆቹ እስኪሰበሰቡ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ያቆዩት። ለቀለበት ጠባብ ቁራጭ ይበቃል፦ ጣት ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥመው ጫፉን በጥምጥሙ ሥር አሹልከው ይሳቡት። ሌላ አጭር ቁራጭ ከላይ ሲያሻግሩበት መስቀል ይሆናል። ለራስ የሚታሰረውን ሰፋ አድርገው ይቁረጡ። ትልቁ ልጅ ለትንሹ ይሥራለት፤ ትንሹም ለአያቱ።

● ጉልባን በጸሎተ ሐሙስ እንደሚበላ ሁሉም ያውቃል። ስንዴና የባቄላ ክኩ ግን ከዋዜማው ካልተዘፈዘፉ እሳት ይፈጃሉ። መልቀም፣ ማጠብና መዘፍዘፍ ከአምስት ዓመት ጀምሮ ያለ ልጅ የማይከብደው ሥራ ነው።

● በቀዳም ሥዑር ካህናት የሚያድሉት ቄጤማ በኖኅ ዘመን ርግብ የውሃውን መጉደል ያበሠረችበትን ለምለም ቅጠል እንደሚያስታውስ ያውቁ ኖሯል? ምእመናን ራሳቸው ላይ የሚያስሩት ለዚህ ነው። ልጁ ራስ ላይ ሲያስሩለት ታሪኩንም ይንገሩት።

● ዶሮ በ12 ብልት ይወጣል፤ እንቁላሉ ደግሞ የልጆች ድርሻ ይሁን። በዕለቱ የተጣለ እንቁላል ተቀቅሎ ለመላጥ እንደሚያስቸግር ያውቁ ኖሯል? ሲቆይ ውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ይወጣል፣ ነጩም ከሽፋኑ ጋር መጣበቁ ይላላል። ለፋሲካ የሚቀቀለውን ከሳምንት በፊት ይግዙት። ልጆች በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይላጡት፣ ወጡ እንዲገባበትም በሹካ ይጫሩት።

● ኢድ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ እየመጣ በ33 ዓመት አካባቢ ወቅቶችን ሁሉ ዞሮ እንደሚጨርስ ያውቁ ኖሯል? የሂጅራ ዓመት በጨረቃ የሚቆጠር ሆኖ 354 ወይም 355 ቀን ስላለው ነው። በረመዳን ልጆች ጨረቃን በየምሽቱ እያዩ ቅርጿን በካርቶን ይቁረጡ፤ ቅርጾቹ በተራ ክር ላይ ሲሰቀሉ ወሩ ግድግዳ ላይ ይታያል።

● ሐረሪዎች በሸዋል ወር ከሚጾሙት ስድስት ቀን በኋላ የሚያከብሩት ሹዋሊድ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የሐረሪ ቤት ግድግዳ በስፌት ሥራ ያጌጠ ነው። መሶብም ሆነ ሙዳይ የሚሰፋው በአንድ ዘዴ ነው፦ ስንደዶና አክርማው እየተጠቀለለ፣ ዙሩ በወስፌ እየተወጋ ከቀደመው ዙር ጋር ይያያዛል። ሣሩ ከጠፋ ወፍራም ገመድ ላይ ባለቀለም ክር እየጠመጠሙ በትልቅ መርፌ ይስፉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ክብ ትበቃለች።

● የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ ቋሚ ቀን እንደሌለው፣ አዋቂዎች ከዋክብትን አይተው እንደሚወስኑት ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ2015 የተመዘገበ ቅርስ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ምሽት ልጆችን ውጭ አውጥተው ያዩትን ከዋክብት ጥቁር ወረቀት ላይ በነጭ ጠመኔ ያስነቁጧቸው። ከሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት ደግመው ያወዳድሩ።

ነሐሴና ጳጉሜን

● የቡሄ ጅራፍ የሚጮኸው መሬት ስለሚመታ እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? ክንድ የሰጠው ጉልበት ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ጫፍ ሲተላለፍ ፍጥነቱ ይጨምራል። ጫፉ በሰከንድ ከ340 ሜትር፣ በሰዓት ከ1,200 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ድምፅን ቀድሞ ሲሮጥ አየሩ ይፈነዳል፤ ከድምፅ የሚፈጥን ጄት የሚያሰማው ነጎድጓድም ይኸው ነው። የደብረ ታቦርን ነጎድጓድ በጅራፍ ያሰቡት አባቶች ምርጫቸው የተዋጣ ነበር። ልጆች ከቃጫ ይግመዱ፦ ሦስት ዘለላ ሆኖ ይጀመር፣ ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሂድ። ሲያጮኹት ግን ሜዳ ላይ፣ ከሰው ርቀው ይሁን።

● ነሐሴ 13 ሆያ ሆዬ እያሉ ለሚመጡት ሙልሙል አስቀድሞ ይጋገር። ሊጡን ማድቦልቦል ለልጆች ይተውላቸው፤ ጎባጣም ቢሆን የራሳቸውን ሙልሙል ለጓደኞቻቸው በእጃቸው ሲሰጡ መቀበልን ብቻ ሳይሆን መስጠትንም ይማራሉ።

● ነሐሴ 16 የሚጀምረው የልጃገረዶች በዓል በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ እንደሚባል ያውቁ ኖሯል? ልጃገረዶቹ ረጅም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ይጨፍራሉ። ሣር ለሌለው ቤት አረንጓዴ ክሬፕ ወረቀት በቁመቱ ተቆርጦ መቀነት ላይ ይታሰር። ጭፈራውን ግን ያደገችበት እናት ወይም አክስት ታሳይ፤ በቪዲዮ ብቻ የተማሩት ጭፈራ እግር ላይ አይቀመጥም።

● ጳጉሜን 3፣ በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት፣ የሚወርደው ዝናብ የተባረከ ነው ተብሎ ልጆች ወጥተው ይጠመቁበታል። ቀጥ ያለ የመስታወት ማሰሮ ላይ ማስመሪያ ለጥፈው ግቢ ያስቀምጡ፤ ልጆች ስንት ሚሊ ሜትር እንደዘነበ በየዓመቱ ደብተር ላይ ይጻፉ።

እንግዲህ ሁሉንም በአንድ ዓመት ለመሥራት አይጣደፉ። ለየልጁ በዕድሜው ልክ አንድ ሥራ ይስጡና ያው ሥራ በየዓመቱ የእሱ ይሁን፤ ዘንባባ የሚሰነጥቅ፣ ፈንዲሻ የሚሰካ፣ ሙልሙል የሚያድቦለቡል ልጅ በበዓሉ ድርሻ አለው። ቤትዎ ወይም ጎረቤትዎ መሶብ መስፋት፣ ጅራፍ መግመድ፣ ጥጥ መፍተል የሚያውቁ አዛውንት ካሉ ደግሞ ዘንድሮ ልጆችዎን አጠገባቸው ያስቀምጡ። ይህን ሙያ የሚያስተላልፈው የሚያውቀው ሰው እጅ ነውና ለከርሞ አያሳድሩት።