ያውቁ ኖሯል? «እህል አልጥም አለኝ»

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ሲጓዙ መንገድ ላይ የሚያገኟት አማኑኤል፣ የማቻክል ወረዳ ከተማ ናት። እንደ ሌላው ጎጃም ሁሉ እዚያም የቡና ስኒው ላይ የጤና አዳም ቅጠል ጣል ይደረጋል። እስቲ ከዚያ ስኒ እንነሳ። አፍንጫዎን በሁለት ጣት ጥርቅም አድርገው ይያዙና አንድ ጊዜ ፉት ይበሉ። ስኳሩ ይጣፍጣል፤ ምሬቱም አለ። ጤና አዳሙ ግን የለም። ቡናውም ቡና መሆኑ ቀርቶ የሞቀ መራራ ውሃ ይሆናል። አሁን አፍንጫዎን ይልቀቁ። ጤና አዳሙ ከነመዓዛው ከተፍ ይላል።

ምላስ ለይታ የምታውቀው አምስት ጣዕም ብቻ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ጣፋጭ፣ ጨዋማ፣ ኮምጣጣና መራራ አራቱ ናቸው። አምስተኛውን ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 ከባሕር አረም መረቅ ለይቶ «ኡማሚ» አለው። በሥጋ መረቅ፣ በእንጉዳይና በበሰለ ቲማቲም ውስጥ ያለው አፍ የሚሞላ ጣዕም እሱ ነው። የተረፈው ሁሉ፣ የኮረሪማው፣ የበሶብላው፣ የተነጠረው ቅቤ፣ የአፍንጫ ሥራ ነው። ስናላምጥ ሽታው በጉሮሮ ጀርባ ሽቅብ ወደ አፍንጫ ይወጣል። አንጎል ግን ሁሉንም አንድ ላይ አድርጎ «አፌ ውስጥ ነው» ይላል።

በዚህ ምክንያት «ጣዕም ጠፋብኝ» ብለው ሐኪም ዘንድ ከሚቀርቡት የአብዛኞቹ ምላስ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። የጠፋው ሽታ ነው። ምላስ አምስቱንም ጣዕሞች ጨርሶ መለየት ሲያቅታት ማየት በሕክምናው ዓለም ብርቅ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህን የሽታ መጥፋት ችግር ያልሰማ ቤት ጥቂት ነው። ብዙ ሰው ትኩሳት ሳይኖረው፣ አፍንጫው ሳይታፈን፣ አንድ ማለዳ ቡናው ሽታ አልባ ሆኖበት ተነሣ። ቫይረሱ በዋናነት የሚጎዳው ሽታ ተቀባዮቹን ነርቮች ሳይሆን ዙሪያቸውን ደግፈው የያዟቸውን ሕዋሳት ነው። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ የዳነውም በዚህ ሳቢያ ነው ተብሎ ይታመናል።

የበርበሬ ማቃጠል ግን ጣዕምም ሽታም አይደለም። ማቃጠሉን ወደ አንጎል የሚወስደው የሙቀትና የሕመም ነርቭ ነው፤ ያው የሚያቃጥል ነገር ሲነካን የሚጮኸው ማለት ነው። አሜሪካዊው ዴቪድ ጁሊየስ የዚህን ነርቭ ተቀባይ በማግኘቱ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ስለዚህ ጣዕምም ሽታም የጠፋበት ሰው ሚጥሚጣ ሲቀምስ እንባው ዱብ ሊል ይችላል። አረቄም ጉሮሮውን ያቃጥለዋል። «ሚጥሚጣው ይሰማኛል፣ ደህና ነኝ» ማለት መለኪያ አይሆንም።

ትምህርት ቤት ደብተራችን ላይ የሣልነው የምላስ ካርታ፣ ጫፏ ለጣፋጭ፣ ጀርባዋ ለመራራ የሚለው፣ ስሕተት ነው። ጀርመናዊው ዴቪድ ሄኒግ እ.ኤ.አ. በ1901 ያገኘውን ጥቂት ልዩነት በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች አጋንነው ያሰራጩት ነው። ጣዕም ተቀባይ ባለበት የምላስ ክፍል ሁሉ አምስቱም ይታወቃሉ።

ምላስዎን አውጥተው መስተዋት ላይ ሲያዩ ከኋላ፣ ወደ ጉሮሮ ጠጋ ብሎ፣ ተደርድረው የሚታዩት ከ8 እስከ 12 የሚደርሱ ትልልቅ ጉብታዎች የተፈጥሮ ናቸው። «ካንሰር ያዘኝ» ብሎ የሚደነግጥ ሰው አለ። እነዚህ ጉብታዎች ጣዕም ተቀባዮችን የያዙ ናቸው። የጣዕም ሕዋሳት በአማካይ በየ10 ቀኑ ገደማ ይታደሳሉ፤ ትኩስ ወጥ ያቃጠለው ምላስ በጥቂት ቀን የሚያገግመውም ለዚሁ ነው።

ኮሶ ወይም ሬት የቀመሰ ሰው ፊቱን የሚያጨማድደው ያለ ነገር አይደለም። ሰው መራራን የሚለይበት ወደ 25 የሚጠጋ ዓይነት ተቀባይ አለው፤ መርዝ አብዛኛውን ጊዜ መራራ ስለሆነ ነው። ለጣፋጭ ግን አንድ ይበቃዋል። ድመት ያችንም አንዷን አጥታለች፤ ስኳር ለእሷ ምንም አይደለም።

ጆሮ ሲታመም ጣዕም ሊጠፋ እንደሚችልስ ያውቁ ኖሯል? ከምላስ የፊት ሁለት ሦስተኛ ክፍል ጣዕም የሚያመጣው ቀጭን ነርቭ፣ ወደ አንጎል ሲሄድ በጆሮ ታምቡር በስተጀርባ ያልፋል። ልጅ ሆኖ ጆሮው መግል ሲያፈስ ቆይቶ «ያድጋል፣ ይተወዋል» የተባለ ሰው፣ ከዓመታት በኋላ በዚያው ጎን የምላሱ ጣዕም ሊደክም ይችላል። የጆሮ ቀዶ ሕክምናም አንዳንድ ጊዜ ይህን ነርቭ ይነካዋል። የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ ሲነቀልም አጠገቡ ያለው ነርቭ ከተጎዳ ግማሽ ምላስ ይደነዝዛል። የሌላው ጎን ነርቭ ስለሚያካክስ ብዙ ሰው የአንድ ጎን ጉድለትን ልብ አይለውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንድ ሰው ማለዳ ሲነሣ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ አንድ ዓይኑ አልከደን ብሎ፣ ውሃው በከንፈሩ ጥግ ሲፈስ «ምች መታው»፣ «መጋኛ ነው» ይባላል። ዳማከሴ ይታሻል፤ ቀን ያልፋል። በብዛት ይህ የሰባተኛው የራስ ነርቭ ሽባነት ነው። ያ ነርቭ የፊትን ጡንቻ ያንቀሳቅሳል፤ የምላስን የፊት ክፍል ጣዕምም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ታማሚው «ወጡ በዚህ በኩል አይጥመኝም» ይላል፤ ሰሚው ግን ነገሩን ከፊቱ መጣመም ጋር አያገናኘውም። ለዚህ ሕመም ፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒት በደንብ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው። ሦስት ቀን ማለት ነው። ዳማከሴው ይታሽ፣ ጸሎቱም ይደረስ፤ ሦስቱ ቀን ግን ሐኪም ሳያየው አይለፍ።

አንድ ነገር ይለዩ። ቅንድቡን ሽቅብ ሲያነሣ ግንባሩ በሁለቱም በኩል ከተጨማደደና አፉ ብቻ ከተጣመመ፣ በተለይም እጁ ከዛለ ወይም ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ ያ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ለሱ ሦስት ቀን አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

መድኃኒትም ጣዕም ይሰርቃል። ለአሜባና ለጃርዲያ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል አፍን ሳንቲም ሳንቲም ያሰኛል። ለጨጓራ ባክቴሪያ ከሚሰጡት አንዱ ክላሪትሮማይሲን አፍ ያመርራል። የስኳር ሕመም መድኃኒት ሜትፎርሚን፣ የደም ግፊት መድኃኒቶቹ ካፕቶፕሪልና ኢናላፕሪልም ከዚሁ ዝርዝር ውስጥ አሉ። አሚትሪፕቲሊን ደግሞ ምራቅ ያደርቃል፤ ምራቅ ካላሟሟው ጨውም ስኳርም ምላስ ዘንድ አይደርስም። በንጹሕ ጨርቅ ምላስዎን አድርቀው ስኳር ጣል ቢያደርጉበት ለአፍታ ምንም እንደማይል ራስዎ ያዩታል። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ግን ጣዕም አጠፋ ተብሎ በገዛ እጅ አይቋረጥም። ለሐኪሙ ይነገራል፤ እሱ ይቀይረዋል።

መድኃኒት ብቻም አይደለም፤ የኩላሊት ድካም ሲበረታም አፍ ብረት ብረት ይላል።

የማሳው አፈር ከምላስ ጋር ምን አገናኘው? ዚንክ። የጣዕም ሕዋሳት ለመታደስ ይፈልጉታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያ፣ አማራ ክልልን ጨምሮ፣ እንዲሁም ከማላዊ የተሰበሰበ እህል መርምሮ ነበር። በእህሉ ውስጥ ያለው የዚንክ፣ የብረት፣ የካልሲየምና የሴሌኒየም መጠን ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አገኘ። ያው ጤፍ፣ ያው ስንዴ፣ እንደ ማሳው ይለያያል። ያለውንም ዚንክ ቢሆን ፋይቴት የተባለ የእህል ንጥረ ነገር አሥሮ ይይዘዋል። እናቶቻችን ሊጡን በእርሾ አቡክተው ቀናት ሲያሳድሩት ይህ ማሰሪያ ይላላል። ከቂጣ ይልቅ እንጀራ በዚህ ይበልጣል።

ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ሲጎድል ምላስ ልሙጥና ቀይ ትሆናለች፤ ታቃጥላለች፤ ጣዕምም ይደክማል። በጾምም በፍስክም ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ ከገበታው የራቀ ሰው፣ በተለይ አዛውንት፣ ምላሱን እንዲህ ሆና ካያት ደሙን ቢያስመረምር ጥሩ ነው።

እንቅርትም አለ። የእንቅርት ዕጢ ሥራዋን ስትቀንስ ጣዕምና ሽታ ሊደበዝዙ ይችላሉ። ለዚህች ዕጢ የሚያስፈልገው አዮዲን በደጋው ሕዝብ ላይ ሲጎድል መቆየቱ መንግሥትን በ2003 ዓ.ም. ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ ደንብ እስከማውጣት አድርሶታል። አዮዲኑ ሙቀትና እርጥበት አይወድም፤ ጨውን በክዳን ይያዙት፣ ወጡ ውስጥም ሊወርድ ሲል ይጨምሩት።

በብዙ ቤት የሚሰማውን ክርክር ያውቁታል። እናት ሽሮውን ቀምሰው «ጨው አነሰው» ይላሉ። ምራት «ኧረ እማማ፣ አፍ ይሰብራል!» ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ዕድሜ ሲገፋ ሽታም ጣዕምም ይቀንሳል፤ እናት የጎደላቸውን በጨው ሊሞሉት ይሞክራሉ። ግፊት ላለበት ሰው ይህ አደገኛ ነው። ጨው ከመጨመር ይልቅ ሎሚ መጭመቅ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቅመሙን ከፍ ማድረግ ይሻላል። እናትም አይወቀሱ።

ሐኪሙ ይህን ሁሉ እንዴት ይለየዋል? አብዛኛው ምርመራ ጥያቄ ነው። በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? ከጉንፋን በኋላ ነው? ጭንቅላትዎን ተመትተዋል? (ከፈረስ ወይም ከሞተር መውደቅ ከአፍንጫ ወደ አንጎል የሚገቡትን ቀጫጭን የሽታ ነርቮች ሊበጥስ ይችላል።) ጥርስ አስነቅለዋል? ምን መድኃኒት ይውጣሉ? ከዚያ አፍ ይታያል። ነጭ ሽፋን ካለ የአፍ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ከፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በኋላ፣ በስኳር ሕመምና በኤችአይቪ ምክንያት ይመጣል። ጆሮና አፍንጫ በመብራት ይታያሉ።

የጣዕም ፈተናው ቀላል ነው። ታማሚው ምላሱን አውጥቶ ይቀመጣል። የስኳር፣ የጨው፣ የሎሚ አሲድና የኩዊኒን ጠብታ በየተራ በምላሱ ግራና ቀኝ ይደረጋል። ምላሱን ሳያስገባ ከተጻፈለት ካርድ ላይ በጣቱ ያመለክታል፤ በየመሃሉ አፉን በውሃ ይጉመጠመጣል። መራራው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ አፍ ላይ ስለሚቆይ ሌላውን ያበላሸዋል። የሽታው ፈተና ደግሞ ዓይን ጨፍኖ፣ አንዱን የአፍንጫ ቀዳዳ ዘግቶ፣ ቡና ወይም ቅርንፉድ ማሽተት ነው። ከዚያ እንደ ጥርጣሬው የደም ስኳር፣ የኩላሊት፣ የእንቅርት ዕጢና የቢ12 ምርመራ ይታዘዛል። ጭንቅላት የተመታ ወይም ሌላ የነርቭ ምልክት ያለበት ሰው ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያውን ፍንጭ ግን እቤትዎ ያገኙታል። አፍንጫዎን ይዘው ጨው፣ ስኳርና ሎሚ በየተራ ይቅመሱ። ሦስቱንም ከለዩ ችግሩ ያለው ምላስ ላይ ሳይሆን አፍንጫ ላይ ሊሆን ይችላል። ይህን ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ብዙ ያቀልለታል።

ለጠፋ ሽታ ልምምድ እንዳለ ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ2009 ጀርመናዊው ቶማስ ሁመልና ባልደረቦቹ ለ12 ሳምንታት፣ ጠዋትና ማታ አራት ሽታ ማሽተት ሰዎችን እንደሚረዳ አሳዩ። አራቱም የጽጌረዳ፣ የባሕር ዛፍ፣ የሎሚና የቅርንፉድ ናቸው። እነሱ የተጠቀሙት የተዘጋጀ የዘይት ጠርሙስ ነበር። አማኑኤል ላይ ባሕር ዛፉ ከጓሮ ነው፤ ሎሚና ቅርንፉዱ ከገበያ። ቅጠሉን አሸት አድርገው፣ ለ10 ሰከንድ ያህል በእርጋታ፣ ሽታውን በልቡናዎ እያስታወሱ ያሽትቱ። በሳምንት ተስፋ አይቁረጡ፤ ወራት ይወስዳል።

እስከዚያ ግን የቆየ ወተትና ያደረ ወጥ በራስዎ አፍንጫ አይመኑ፤ ቤት ውስጥ ያለ ሌላ ሰው ያሽትትልዎ። ሲሊንደር የሚጠቀም ሰውም የሚያፈስ ጋዝ እንደማይሸተው ቤተሰቡ ይወቅ።

ጣዕም ወይም ሽታ ከጠፋብዎ ሁለት ሳምንት ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ከፊት መጣመም ጋር ከመጣ በዚያው ዕለት። ሲሄዱም የሚውጡትን መድኃኒት ሁሉ፣ ያለቀውንም ከነባዶ ማሸጊያው፣ በፌስታል ጠቅልለው ይዘው ይሂዱ።