በኢንተርኔት የስልክ ማዞሪያ ላይ የሚታዩ ማስጠንቀቂያዎችና አያያዛቸው

ሳይቋረጥ የሚሠራ ቴሌፎን ለንግድ ሥራ ምን ያህል አስፈላጊ እንደ ሆነ ከማንም ነጋዴ የተሠወረ አይደለም። ዋጋ የሚጠየቀው፥ የጭነት መነሣት የሚነገረው፥ የባንክ ሰነድ መድረሱ የሚረጋገጠው በስልክ ነው። በአሁኑ ዘመን በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ብዙ የንግድ ጽሕፈት ቤቶች ጥሪያቸውን የሚያስተናግዱት በኢንተርኔት በሚሠራ ማዞሪያ ነው። ይህም ማዞሪያ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የተጫነ ሶፍትዌር እንጂ እንደ ቀድሞው ሽቦ የሚሰካበት ሰሌዳ አይደለም። ሶፍትዌሩ ችግር ሲገጥመው ዝም አይልም፤ በመዝገቡ ላይ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ነገር ግን ያንን መዝገብ የሚመለከተው ሰው ጥቂት ስለ ሆነ፥ ጉዳቱ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ደንበኛ ከራቀ ወይም ከባድ የስልክ ሒሳብ ከመጣ በኋላ ነው።

የጥሪው ደንብ

የኢንተርኔት ጥሪ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ማን ማንን እንደሚጠራ፥ ስልኩ መደወሉን፥ መነሣቱንና መዘጋቱን የሚያስታውቀው የጥሪ ምልክት ነው። ሁለተኛው ራሱ ድምፁ ሲሆን የሚጓዘው ለብቻው ነው። ምልክቱ በአብዛኛው የሚተዳደረው «ሲፕ» በሚባል ደንብ ነው። ይህ ደንብ መጀመሪያ የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፥ ዛሬ መሠረት ሆኖ የሚያገለግለው በቍጥር 3261 የተመዘገበው ጽሑፍ በ2002 ዓ.ም. ተተክቶለታል።

በደንቡ መሠረት ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሦስት አኃዝ ያለው መልስ ይሰጣል። በ1 የሚጀምር መልስ ጉዳዩ በመካሄድ ላይ መሆኑን፥ በ2 የሚጀምር መሳካቱን፥ በ3 የሚጀምር ጥሪው ወደ ሌላ አድራሻ መመራቱን ያመለክታል። በ4 የሚጀምረው ጥያቄው እንደ ቀረበ ሊፈጸም አለመቻሉን፥ በ5 የሚጀምረው ጥያቄውን የተቀበለው ሰርቨር መቸገሩን፥ በ6 የሚጀምረው ደግሞ ጥሪው በየትም በኩል ቢሞከር እንደማይሳካ ይናገራል። ለምሳሌ 180 ስልኩ በመደወል ላይ ነው ማለት ነው፤ 486 ተጠሪው በሌላ ንግግር ተይዟል ማለት ነው፤ 404 የተጠራው ቍጥር አልተገኘም ማለት ነው።

ከሌላው ወገን የሚመጣ ማስጠንቀቂያ

ከመልሱ ጋር «ዋርኒንግ» የሚባል መስመር ተያይዞ ሊመጣ ይችላል። በውስጡም ሦስት ነገሮች ይገኛሉ፤ እነርሱም በ3 የሚጀምር የማስጠንቀቂያ ቍጥር፥ ማስጠንቀቂያውን የጨመረው ሰርቨር ስም ወይም አድራሻ፥ እንዲሁም ሰው የሚያነበው አጭር ቃል ናቸው። ስለዚህ ይህ መስመር የችግሩን ዓይነት ብቻ ሳይሆን ችግሩ በማን ቤት እንደ ታየም ያመለክታል።

አንድ ቡና ላኪ በውጭ አገር ወዳለ ገዢ ሲደውል 488 የሚል መልስ ደረሰው እንበል። 488 ብቻውን «በዚህ ሁኔታ አልቀበልም» ከማለት የበለጠ አይናገርም። ከእርሱ ጋር 305 የሚል ማስጠንቀቂያ ቢገኝ ግን የሁለቱ ወገኖች የድምፅ አቀራረጽ አለመጣጣሙ ይታወቃል። ይኸውም አንደኛው በሴኮንድ 64 ሺህ ቢት የሚወስደውን ጂ.711፥ ሌላው በሴኮንድ 8 ሺህ ቢት የሚወስደውን ጂ.729 ብቻ የሚቀበል ሲሆን የሚደርስ ነው። መድኃኒቱም በማዞሪያው ላይ ሁለቱም እንዲፈቀዱ ማድረግ ነው። ማስጠንቀቂያው 370 ከሆነ ደግሞ የመስመሩ ስፋት አልበቃም ማለት ስለ ሆነ፥ የአቀራረጹን ዓይነት ከመለዋወጥ ይልቅ መስመሩን መመርመር ይገባል።

399 የተባለው ቍጥር ልዩ ልዩ ጉዳዮችን የሚያጠቃልል ነው። ደንቡ ይህን ማስጠንቀቂያ የተቀበለ መሣሪያ በራሱ አንዳች እርምጃ እንዳይወስድ ይከለክላል፤ ቃሉን ለሰው ማሳየት ወይም መመዝገብ ብቻ ይፈቀድለታል። ከዚህም የተነሣ 399 በሰው ዓይን ካልታየ ጥቅም የለውም።

ማዞሪያው ራሱ የሚጽፈው

ሁለተኛው ዓይነት ማስጠንቀቂያ በጽሕፈት ቤቱ ማዞሪያ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ነው። አሜሪካዊው ማርክ ስፔንሰር በ1999 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የጀመረውና ያለ ዋጋ የሚገኘው አስተሪስክ የተባለው ሶፍትዌር መልእክቶቹን በደረጃ ይከፍላቸዋል። «ኤረር» ስሕተትን፥ «ዋርኒንግ» ማስጠንቀቂያን፥ «ኖቲስ» ተራ ማስታወቂያን ይገልጻል። ከእነዚህ በታች ለባለሙያ ምርመራ ብቻ የሚያገለግሉ ዝርዝር መልእክቶች አሉ።

ከሁሉ ይልቅ ነጋዴን ከሚያስቸግሩት አንዱ በ32 ሴኮንድ የሚቋረጥ ጥሪ ነው። ገዢው ከውጭ ይደውላል፤ ስልኩ ይነሣል፤ ሰላምታ ተለዋውጠው ስለ ዋጋ ሊነጋገሩ ሲሉ መስመሩ ይዘጋል። ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። ስልኩ ሲነሣ ማዞሪያው 200 የሚለውን መልስ ይልካል፤ የደዋዩ ወገንም መልሱ እንደ ደረሰው ማረጋገጫ መመለስ አለበት። ማረጋገጫው ካልመጣ ማዞሪያው መልሱን በግማሽ ሴኮንድ፥ ቀጥሎም በአንድ፥ በሁለትና በአራት ሴኮንድ ልዩነት ደጋግሞ ይልካል። በደንቡ መደበኛ ልክ 32 ሴኮንድ ሲሞላ ተስፋ ቈርጦ ጥሪውን ይዘጋዋል፤ በመዝገቡም ላይ የድጋሚ መላኩ ጊዜ ማለፉን ይጽፋል። ድምፁ ለብቻው ስለሚጓዝ ንግግሩ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያለ እንከን ሊሰማ ይችላል፤ ብዙ ሰው «የኢንተርኔቱ ድካም ነው» ብሎ የሚያልፈውም ስለዚህ ነው።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው ሥሩን መፈለግ ያሻል። የዚህ ችግር የተለመደው ሥር አድራሻ ነው። ማዞሪያው በራውተር ጀርባ ተቀምጦ በ192.168 የሚጀምረውን የቤት ውስጥ አድራሻውን ለውጭው ወገን ሲሰጥ፥ ማረጋገጫው መድረሻ አጥቶ ይቀራል። ድምፅ በአንድ በኩል ብቻ የሚሰማበትም ምክንያት ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ለማዞሪያው የውጭ አድራሻውንና የውስጡን መስመር ለይቶ ማስታወቅ፥ እንዲሁም የጥሪ ምልክቶችን «አስተካክላለሁ» እያለ የሚያበላሸውን የራውተሩን ሥራ ማጥፋት ችግሩን በአብዛኛው ያስወግደዋል።

ስሙ ቀላል፥ ጉዳቱ ከባድ

የመልእክቱ ደረጃና የሚያስከትለው ጉዳት ሁልጊዜ እኩል አይደሉም። በአስተሪስክ መዝገብ ላይ አንድ ያልታወቀ ሰው በሐሰተኛ የይለፍ ቃል ለመግባት መሞከሩ የሚጻፈው ከማስጠንቀቂያ በታች በሆነው «ኖቲስ» ነው። እርግጥ አንድ ጊዜ የታየ 401 የሚል መልስ ሊያስደነግጥ አይገባም፤ ማዞሪያው መታወቂያ ሲጠይቅ የሚሰጠው የወትሮ መልስ ነውና። ነገር ግን ከአንድ እንግዳ አድራሻ በሌሊት በመቶ የሚቈጠር የከሸፈ ሙከራ ከታየ፥ ይህ የሱቅን ቍልፍ በየተራ ከሚሞክር ሌባ አይለይም። ሌቦች የደንቡን የታወቀ በር፥ ይኸውም ቍጥር 5060ን እያሰሱ ይፈልጋሉ። አንዴ ከገቡም ዋጋቸው ውድ ወደ ሆኑ የውጭ ቍጥሮች ይደውላሉ፤ ሒሳቡም በማዞሪያው ባለቤት ስም ይመጣል። መከላከያውም ረጅምና ለመገመት የሚያስቸግር የይለፍ ቃል መስጠት፥ ንግድ ወደማይደረግባቸው አገሮች መደወልን መዝጋት፥ በአንድ ጊዜ የሚደረጉትን ጥሪዎች መወሰን፥ ደጋግሞ የሚሞክረውን አድራሻ የሚያግድ ፕሮግራም ማቆም ነው።

የወደፊቱን የሚናገሩ ማስጠንቀቂያዎችም አሉ። የአስተሪስክ የቀድሞው የሲፕ ክፍል ጊዜው ማለፉ በ17ኛው እትም በ2019 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ተነግሮ ነበር፤ በ2023 ዓ.ም. በወጣው 21ኛው እትም ደግሞ ፈጽሞ ተወገደ። ማስጠንቀቂያውን የሰሙ በመካከሉ አዲሱን ክፍል ለመልመድ ብዙ ጊዜ ነበራቸው፤ ያልሰሙት ግን ሶፍትዌራቸውን ባደሱ ዕለት ስልካቸው ዝም ይላል።

የዕለት ተዕለት አያያዝ

ማስጠንቀቂያው በዛ ብሎ መዝገቡን መዝጋት ሕመሙን ትቶ የሕመምተኛውን አፍ እንደ መሸፈን ነው። በአንጻሩም የምርመራውን ዝርዝር ሁሉ ዘወትር ማስመዝገብ ዲስኩን ይሞላል፤ ዋናውንም ነገር ይቀብራል። የሚሻለው ስሕተትን፥ ማስጠንቀቂያንና ማስታወቂያን አስመዝግቦ፥ አንድ ኀላፊነት ያለው ሠራተኛ በየጠዋቱ በዓይነታቸው እንዲቈጥራቸው ማድረግ ነው። ትናንት ሁለት የነበረው ዛሬ ሁለት መቶ ከሆነ ምክንያቱ ይመረመር። የማዞሪያው ሰዓት ትክክል መሆኑም ይረጋገጥ፤ ሰዓቱ የተዛባ መዝገብ ከሌላው ወገን መዝገብ ጋር ሊነጻጸር አይችልምና።

ለአገልግሎት ሰጪው አቤቱታ ሲቀርብም «ስልኩ አይሠራም» ማለት ብቻውን አይረዳም። ጥሪው የተደረገበት ሰዓት፥ የጥሪው መለያ፥ የመልሱ ቍጥርና የማስጠንቀቂያው ቍጥር ከአስጠንቃቂው ሰርቨር ስም ጋር ተጽፎ ሲቀርብ ጥፋቱ በማን በኩል እንደ ሆነ ለመለየት ቀላል ይሆናል። ማታ ማታ የገንዘብ ሣጥኑን ቈጥሮ ሒሳቡን የሚዘጋ ነጋዴ፥ ጠዋት ጠዋት የማዞሪያውን መዝገብ ለማስመልከት ጥቂት ደቂቃ ቢመድብ፥ ከሚያጠፋው ጊዜ ይልቅ የሚያድነው ገንዘብና የሚጠብቀው ደንበኛ ይበልጣል።