እስክንድር ቦጎሲያንና የልጡ ጨርቅ

ላሊበላ ቤተ ማርያም የገባ ሰው የጣሪያውን ሥዕል አንጋጦ ሲያይ ቆይቶ ዓይኑ መሐል ላይ ወደቆመው ዓምድ ይወርዳል። ዓምደ ብርሃን ይሉታል። በጨርቅ ተጠቅልሏል። ያለፈውም የሚመጣውም ተጽፎበታል ይባላል፤ ጨርቁ ግን አይገለጥም። እዚያ ዓምድ ፊት ስቆም ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ትዝ ይለኛል፤ ጨርቅና ቆዳ የራሳቸው ምሥጢር እንዳላቸው እንደሱ የገባው ሠዓሊ አላውቅምና።

ነገሩን በባቲክ በኩል ባስረዳው ይቀለኛል። የባቲክ ባለሙያ ነጭ ጨርቅ ይዘረጋል፤ ሰም ያቀልጥና ቀለም እንዳይነካው በሚፈልገው ቦታ ላይ ያፈስሳል። ጨርቁ ቀለም ውስጥ ሲነከር ሰም ያረፈበት ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ይደርቃል፤ ሌላ ሰም፣ ሌላ ቀለም ይከተላል፤ ከፈዛዛው ወደ ደማቁ። በመጨረሻ በፈላ ውሃ ሲታጠብ ሰሙ ይለቅና ሥዕሉ ይወጣል። ሰሙ ተሰነጣጥቆ በነበረበት ሾልኮ የገባው ቀለም እንደ ቅጠል ሥር የቀጠነ መሥመር ጥሎ ያልፋል። ቀለሙ እስከ ጀርባው ስለሚዘልቅ ጨርቁን ቢገለብጡትም ሥዕሉ አለ። ሰምና ወርቅ ሲፈታ ለሰማ ሰው ይህ ሙያ ባዕድ አይሆንበትም። የጃቫ ሰዎች እጅግ አራቅቀውታል፤ የናይጄሪያ ዮሩባ ሴቶች ደግሞ በካሳቫ ሙቅ እየሸፈኑ ጥልቅ ሰማያዊ ውስጥ ይነክራሉ፤ አዲሬ ይሉታል።

እስክንድርን የምናውቀው ሰም በማፍሰስ አይደለም። ከባቲክ ጋር የሚያዛምደው ሥዕሉ ከተሣለበት ነገር የማይነጠል መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 አዲስ አበባ ተወለደ፤ በአባቱ በኩል የአርመን ደም አለበት። ለንደን ተምሮ በ1957 ፓሪስ ገባና ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆየ። ጥቁርነትን እንደ ክብር ያነሣው የኔግሪቱድ ንቅናቄ እዚያ ነበር፤ የኩባው ሠዓሊ የዊፍሬዶ ላም ሥራዎችም እዚያ ነበሩ። የአፍሪካ መንፈስ ባሕር ተሻግሮ ኩባ ድረስ ሲዘልቅ ያየው ወጣት የአገሩን ክታብ በአዲስ ዓይን ማየት ጀመረ። ክታብ በደብተራ እጅ በቆዳ ላይ ይጻፋል፤ በባለቤቱ ቁመት ልክ ተለክቶ ከራስ እስከ እግሩ ይጠብቀዋል፤ ትልልቅ ዓይኖች ያፈጡበታል። እነዚያ ዓይኖች በእስክንድር ሸራዎች ላይ በክንፍና በከዋክብት መሐል ይመለከቱናል። በ1964 የሠራው «የጁጁ ሠርግ» በተቆራረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ የተሣለ ነው፤ የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ገዝቶታል።

እኔን ከሁሉ የሚይዘኝ ግን የልጡ ሥራ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የቡጋንዳ ሰዎች የሙቱባን ዛፍ ልጥ ይልጣሉ፤ የተራቆተውን ግንድ በሙዝ ቅጠል ይሸፍኑታል፤ ዛፉም አይሞትም፣ መልሶ ልጥ ይለብሳል። ልጡን በእንጨት መዶሻ ደጋግመው ሲቀጠቅጡት ይሰፋል፣ ይለሰልሳል፣ የሸክላ መልክ ያለው ጨርቅ ይሆናል። ድርና ማግ የለውም። ንጉሥ ሲነግሥም ሰው ሲቀበርም ይለበሳል። እስክንድር በ1981 «የጊዜ ዑደት 3»ን የሠራው በልጥ ጨርቅ ላይ ነው፤ ምስሎቹ ከጨርቁ ውስጥ አብጠው ወጥተዋል። ፍየል ቆዳ ላይም ሠርቷል። የጥቁር ሕዝብ ቅርስ ለእሱ ከመጽሐፍ የሚቀዳ ምልክት ብቻ አልነበረም፤ የሚዳሰስ፣ የሚሸት፣ በእጅ የሚታሽ ነገር ነበር። ከብዙ ተከታዮቹ የሚለየው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1966 አገሩ ተመልሶ እስከ 1969 በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በ1967 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ። ከተማሪዎቹ አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ክታብንና የአፍሪካ ጭምብልን እያዋሐደ በቀጫጭን የቀርከሃ ስንጥቆች ላይ ሣለ፤ ጎን ለጎን ሲሰደሩ የሸማኔን ድር ያስታውሳሉ።

እስክንድር ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እስከ 2001 አስተማረ፤ የጥቁር አሜሪካውያን ልጆችና የአገሩ ስደተኞች አንድ ክፍል ተቀመጡለት። በዚያው ዓመት ከሠዓሊት ከበደች ተክለአብ ጋር በዚያች ከተማ ላለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ የግድግዳ ሥራ ሠራ። በዚህኛው ልጥም ቆዳም የለም፤ አሉሚኒየም ነው። በ2003 እዚያው ዋሽንግተን አረፈ፤ ጉዳይ ሊያስፈጽም የሚመጣ ኢትዮጵያዊ ዛሬም በሥራው ሥር ያልፋል።