ኮባ ወይስ ሙዝ? ለአሰላ ጓሮ የሚስማማው የቱ ነው?

ዓውደ ዓመት ሲቃረብ ዱቄቱ ይነፋል፣ ሊጡ ይቦካል፤ ከዚያ «ኮባ ከየት ይምጣ?» ይባላል። ስንዴ በሞላበት አርሲ ለድፎ ዳቦ የሚጎድለው ቅጠሉ ሆኖ ሲገኝ ያስቆጫል። መፍትሔው ጓሮ ውስጥ አንድ እግር መትከል ነው። ግን ኮባ ይሻላል ወይስ ፍሬም የሚሰጠው ሙዝ?

ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። ኮባ የምንለው እንሰት ነው፤ በኦሮምኛ ወርቄ ይባላል። የሁለቱም ግንድ እንጨት አይደለም፤ ተደራርቦ የተጠቀለለ የቅጠል እግር ነው። ችግኝ ስትገዙ እንዳትሳሳቱ ግን እነዚህን እዩ፦ የኮባ ግንድ ከሥሩ ወፈር ይላል፣ ቅጠሉም ወደ ላይ ይቆማል። የሙዝ ግንድ ቀጠን ያለ ነው፤ ቅጠሉ ረዘም ባለ አገዳ ላይ ሆኖ ወደ ጎን ይዘነበላል። ሙዝ ከሥሩ ልጆች እያወጣ ይበዛል። ኮባ ግን ብቻውን ያድጋል፤ ለማራባት ሥሩን ቆርጦ እምቡጡን አውጥቶ መቅበር ያስፈልጋል።

ምርጫውን የሚወስነው ብርዱ ነው። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሙዝ የቆላ ልጅ ነው፤ ሙቀቱ ወደ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ዕድገቱ ሊቆም ይደርሳል። የአርባ ምንጭ ሙዝ የሚያምረውም አገሩ ሞቃት ስለሆነ ነው። እንሰት ግን ደጋውን ለምዶታል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ጭምር ይበቅላል። ከባድ ውርጭ ቅጠሉን ሊያቃጥለው ይችላል፤ ስለዚህ ከግድግዳ ወይም ከአጥር ጥግ ትከሉት። ነፋስም ቅጠሉን በጅማቶቹ መሀል ይሰነጥቀዋል፤ የተሰነጠቀ ቅጠል ደግሞ ሊጥ አይይዝም። ቤት ውስጥ ማሳደግ የፈለገ ትንሹን ኮባ በሰፊ ማሰሮ አድርጎ ብርሃን የሚገባበት መስኮት አጠገብ ያኑረው፤ ሲገዝፍ ወደ ጓሮ ያውጣው።

ቅጠሉ ዳቦውን እንዴት ይረዳዋል? እርጥበት አለው፤ ምጣዱ ሲግል እንፋሎት ይሰጣል፣ ሊጡ ከምጣዱ እንዳይጣበቅና እንዳያር ይጠብቃል፣ ሽታውንም ያካፍለዋል። ታጥቦ በእሳት ለብለብ ሲደረግ ውኃው ቀንሶ ይለሰልሳል፤ ሲታጠፍም አይቀደድም።

ስትቆርጡ ከውጭ በኩል ያሉትን የደረሱ ቅጠሎች ውሰዱ፣ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። መሀል ላይ ተጠቅልሎ የቆመውን አትንኩ፤ ቀጣዩ ቅጠል እሱ ነው። ተክሉም የሚመገበው በቅጠሉ ስለሆነ አታራቁቱት።

ቆላ ያላችሁ ሙዝ ትከሉ። የአሰላና የአርሲ ደጋ ሰው ግን ኮባ ይትከል። ክረምት ሲገባ አንድ እግር ተክሎ በፍግ የተንከባከበ ሰው ለዓመታት የዳቦ ቅጠል ከጓሮው ይቆርጣል፤ ለጎረቤትም ይተርፋል።