የድሮው ትርዒት ለምን ለገበያ አይወጣም?

በወሎዋ መካነ ሰላም ሚሞሪ ከሚጭኑ ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ «የድሮ ኪነት አለ?» የሚል ሰው ባዶ እጁን የሚመለስ አይመስለኝም። በደርግ ዘመን የተቀረጸ የወሎ ላሊበላ ኪነት ጭፈራ፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ዝግጅት፣ የቴሌቪዥን ድራማ፣ ምኑም ምኑም በጥቂት ብር ስልኩ ላይ ይጫንለታል። ምስሉ ግን ደብዝዟል፤ ድምፁ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል፤ ጥጉ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የዩቲዩብ ቻናል ስም ተለጥፎበታል። ያው ሰው «ዋጋው ይወደድ፤ በጥራት የተዘጋጀውን፣ ሕጋዊውን ልግዛ» ቢል ከመካነ ሰላም ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ቢመላለስ ማግኘቱ ዘበት ነው።

ብዙ ሰው ይህን በቸልተኝነት ያሳብባል። ቸልተኝነት የለም አልልም። ነገር ግን ገንዘቡም ቴክኒኩም የሞላላቸው አገሮች ሳይቀሩ የድሮ የቴሌቪዥን ሥራቸውን ለገበያ ሊያወጡ ሲነሡ የሚደናቀፉበት ነገር አለ፤ በዝግጅቱ ውስጥ የሚሰማው ሙዚቃ። ተዋናዩ ተከፍሎታል፣ ጸሐፊው ተዋውሏል፣ ቴፑም መጋዘን ተቀምጧል። ከበስተኋላ ለግማሽ ደቂቃ የተሰማው ዘፈን ግን የሌላ ሰው ነው።

የሌላ ሰው ብቻም አይደለም፤ የብዙ ሰው ነው። የድሮ ካሴት ሽፋን ያገላበጠ ሁሉ ይህን ጠበቃ ሳያስረዳው ያውቀዋል። ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ ተብሎ ይጻፋል፤ ከግርጌው ያሳተመው ሙዚቃ ቤት ስም አለ፤ ዘፋኙ ደግሞ ፎቶው ትልቁን ቦታ ይዟል። ሕጉም ነገሩን የሚያየው በዚሁ መልክ ነው። ግጥሙና ዜማው የደራሲዎቹ ሥራ ናቸው። የተቀዳው ድምፅ፣ ማስተሩ፣ የአሳታሚው ነው። ዘፋኙና ተጫዋቾቹ የአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ «ከዋኝ» የሚላቸው ናቸው፤ የራሳቸው መብት አላቸው። ስለዚህ ዘፈኑን ድራማ ውስጥ ማስገባት የሚፈልግ አዘጋጅ ቢያንስ ሁለት በር ማንኳኳት አለበት፤ አንዱ የደራሲዎቹን፣ ሌላው የማስተሩን ባለቤት። አንዱ ፈቅዶ ሌላው እምቢ ካለ ዘፈኑ አይገባም።

ሁለቱም ቢፈቅዱ እንኳ «ምን እንድታደርግበት?» የሚለው ጥያቄ ይቀራል። በአየር ላይ ማሰራጨት አንድ ነገር ነው፤ አባዝቶ መሸጥ ሌላ፤ ኢንተርኔት ላይ ማዋል ደግሞ ሌላ። የድሮ ውሎች ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የሙዚቃ ፈቃድ ሲገዛ ለስርጭት፣ ያውም ለተወሰነ ዓመት ብቻ ይገዛ ነበር። ሰው ዝግጅቱን ገዝቶ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ካሴቱ መጣ፣ ዲቪዲው ተከተለ፣ ኢንተርኔቱ ደረሰ፤ ውሉ ግን ስለ አንዳቸውም አያወራም። ውሉ ያላነሣውን ደግሞ ባለመብቱ እንደ አዲስ ያስከፍላል፤ ዘፈኑ በዚህ መሀል ዝነኛ ከሆነ ዋጋው ሰማይ ነው።

በዚህ የተጎዱ ሥራዎች ዝርዝር ረጅም ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚነሣው ስለ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ሠራተኞች የሚያወራው «ደብልዩ ኬ አር ፒ ኢን ሲንሲናቲ» የተባለ የአሜሪካ አስቂኝ ድራማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1982 ሲታይ የዘመኑን ሮክ እንደልቡ ያጫውት ነበር፤ ፈቃዱ ያኔ ርካሽ ነበረና። የመጀመሪያው ዙር እ.ኤ.አ. በ2007 በዲቪዲ ሲወጣ ብዙዎቹ ዘፈኖች ተነቅለው ማንም በማያውቃቸው ሙዚቃዎች ተተኩ። ከዚያ በፊትም በድጋሚ ስርጭት ላይ የባሰ ነገር ተደርጎበታል። ንግግርና ሙዚቃ በአንድ ትራክ ተደባልቀው ስለተቀዱ ሙዚቃውን ሲያወጡ ንግግሩም አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ድምፃቸው ተዋናዮቹን የሚመስሉ ሰዎች ተፈልገው ንግግሩ እንደ አዲስ ተቀዳ። አብዛኛው ሙዚቃ የተመለሰለት እትም እስኪወጣ እስከ 2014 መጠበቅ ግድ ሆነ። «ዘ ወንደር ይርስ» የተባለውም፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ያበቃው፣ ዘፈኖቹን እንደያዘ ለገበያ የደረሰው በዚያው በ2014 ነው።

እኔን የሚያሳዝነኝ ግን አስቂኝ ድራማው አይደለም። «አይስ ኦን ዘ ፕራይዝ» የጥቁር አሜሪካውያንን የመብት ትግል የሚተርክ 14 ሰዓት የሚፈጅ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 እና በ1990 ታየ። ለሙዚቃውና ለድሮ ምስሎቹ የተገዛው ፈቃድ ጊዜው ሲያልቅ ፊልሙ ከቴሌቪዥንም ከገበያም ወጣ። ተማሪዎች ያረጀ የቪዲዮ ካሴት ይቀባበሉ ጀመር። ፈቃዶቹን ለማደስ ፎርድ ፋውንዴሽን 600 ሺህ ዶላር ግድም፣ ሪቻርድ ጊልደር የተባሉ በጎ አድራጊ 250 ሺህ ዶላር አዋጡ፤ ፊልሙ እንደገና የታየው በ2006 ነው። አንድ አገር የገዛ ታሪኩን ለማየት ከዓመታት በኋላ እንደገና ከፈለ ማለት ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ያኔ የነበረው ሕግ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ከአንቀጽ 1647 ጀምሮ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ይደነግጋል። አንቀጾቹን የሚያነብ ጠበቃ እንጂ ዘፋኝ አልነበረም። አሜሪካኖቹን ያስቸገራቸው የውል ብዛት ከሆነ እኛን የሚያስቸግረን የውል መጥፋት ነው። ከፋዩም ተቀባዩም በቃል ተግባብተው ተለያይተዋል። ዛሬ አንድ ጣቢያ የ1970ዎቹን የበዓል ዝግጅት አጽድቶ ልሽጥ ቢል «ክፈል» የሚለው ሰው ሳይሆን መጀመሪያ የሚቸግረው ለማን እንደሚከፍል ማወቁ ነው።

የአሁኑ ሕግ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሎ ስለ ሮያሊቲና ይህንኑ ክፍያ ሰብስበው ለባለመብቶች ስለሚያከፋፍሉ የጋራ አስተዳደር ማኅበራት ተጨምሮበታል። የጥበቃውን ዘመን ልብ በሉት። የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። የከዋኙና የአሳታሚው 50 ዓመት ነው። የብሮድካስት ድርጅቱ በስርጭቱ ላይ ያለው መብት 20 ዓመት ብቻ ነው። እንግዲህ ጣቢያው በራሱ ስርጭት ላይ ያለው መብት ካለቀ ከብዙ ጊዜ በኋላ ውስጡ የተዘፈነው ዘፈን ባለቤት ይኖረዋል። በሃያ አምስት ዓመቱ ዜማ የደረሰ ሰው ሰማንያ ዓመት ቢኖር ዜማው ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ጥበቃ አገኘ ማለት ነው። ትርዒቱ ሲያረጅ ዘፈኑ አብሮት አያረጅም።

ወረቀት መኖሩ ምን እንደሚለውጥ ለማየት የሸክላ አሳታሚውን የአምሃ እሸቴን ታሪክ ማንሣት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ የማሳተም መብት የአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሃ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ይህን ትእዛዝ ጥሶ እ.ኤ.አ. በ1969 የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ አወጣ። ሕዝቡም ወደደለት። እስከ 1975 ድረስ ከአንድ መቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና አሥራ ሁለት ትልልቆችን አሳተመ፤ ከዚያ አገር ለቆ አሜሪካ ገባ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ ሊያወጣ ሲነሣ የሚዋዋለው ሰው ነበረው። አምሃ እሸቴ አለ፤ ካይፋ ሪከርድስን የያዘው፣ ብዙዎች አሊ ታንጎ የሚሉት አሊ አብደላ ካይፋም አለ። ማስተሩ የእነሱ ስለመሆኑ ሸክላው ራሱ ይመሰክራል።

ከዚያ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የተከታታዩ አራተኛ ሲዲ የሙላቱ አስታጥቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ዳይሬክተሩ ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለ ፊልሙ ውስጥ የሙላቱን ሥራዎች አስገባ፤ በታሪኩም አንድ ኢትዮጵያዊ ጎረቤት ለዋናው ገጸ ባሕርይ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ያለበት ሲዲ ይሰጠዋል። ፊልሙ በዓለም ዞረ፣ ሙላቱም ከስድሳ ዓመቱ በኋላ እንደ አዲስ መድረክ ለመድረክ ዞረ። ሙዚቃውን ያስፈለገው የውጭ ዳይሬክተር ማንን እንደሚጠይቅ የሚያውቅበት መንገድ ባይኖር ኖሮ ሌላ ሙዚቃ መርጦ ያልፍ ነበር። ዳይሬክተሮች ባለቤቱ ከማይታወቅ ሙዚቃ ይሸሻሉ፤ ክስ ይፈራሉ፣ ኢንሹራንስ ሰጪውም እሺ አይላቸውም።

አሁን ጥያቄውን ወደ ወሎ እናምጣው። የአገራችን ሙዚቃ ከሚታወቅባቸው አራት ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸው የወሎ ነው። ቅኝቱ የማንም አይደለም፤ የፈለገ ሰው በአምባሰል ቢዘፍን የሚጠይቀው የለም። ከአባት አያት የወረደ የሕዝብ ዜማም እንደዚሁ ነው። ይሁን እንጂ ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን የተጫወተችበት ቅጂ የሕዝብ አይደለም። ቅኝቱ የጋራ ነው፤ ድምፁ የእሷ ነው፤ ቅጂው ያስቀዳው ሰው ነው፤ እዚያ ላይ አዲስ ግጥም ተጨምሮ ከሆነ የገጣሚው ድርሻ ይቆረጣል። «ባህላዊ ነው እኮ!» ብሎ ማለፍ የተለመደ ስሕተት ነው፤ በዚህ አባባል ብዙ ባለሙያ ተበልቷል።

አዝማሪው ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይረቅቃል። አዋጁ አንድ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ ሲሆንና በአንድ ነገር ላይ ሲቀረጽ ነው ይላል፤ ምዝገባ ግን አይጠይቅም። ሠርግ ቤት ማሲንቆውን ይዞ ለሙሽራው የገጠመው ስንኝ ከአፉ እንደወጣ አየር ላይ ይቀራል። ካሜራ ከያዘው ግን በዚያችው ደቂቃ ባለቤት ያለው ሥራ ይሆናል። ስንኙን የወለደው አዝማሪው ነው፤ ቴፑን የወሰደው ጣቢያው ነው። ከተቀረጹት አዝማሪዎች ስንቱ ስሙ ተጽፎለታል? ብዙዎቹ በድሮ ቴፖች ላይ «አዝማሪ» ከመባል አልፈው አልተጠሩም።

የኪነት ቡድኖቹም የራሳቸው ጣጣ አለባቸው። አባላቱ ደመወዝተኞች ነበሩ። በአሁኑ አዋጅ ተቀጣሪ በሥራው ላይ የደረሰው ድርሰት ሌላ ስምምነት ከሌለ የቀጣሪው ነው። ቀጣሪዎቹ ግን የዚያ ዘመን የክፍለ ሀገር መሥሪያ ቤቶች ናቸው፤ ክፍለ ሀገሩ ራሱ የለም። መብቱ ወደ ማን ተላለፈ? ዛሬ ደሴ ላለው የባህል መሥሪያ ቤት? ለክልሉ? ጠበቆች ይከራከሩበት፤ የእኔ አስተያየት ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ቴፑ ማለቁ ነው። ማግኔቱ ይረግፋል፣ የሚያጫውተውም ማሽን መለዋወጫ የለውም።

ስለዚህ ፍጹም የሆነውን ውል መጠበቅ ሞኝነት ይመስለኛል። የድሮ ሥራ ያለው ጣቢያ ከጋራ አስተዳደር ማኅበሩ ጋር ይዋዋል፤ ባለቤታቸው ለሚታወቅ ዘፈኖች ይክፈል፤ ላልታወቁት ድርሻቸውን በተለየ ሒሳብ አስቀምጦ ስማቸውን ያውጅ፤ ያወጣውንም ይሽጥ። ዘፈኑን በሌላ ዘፈን መተካት ግን አይገባም። አሜሪካኖቹ ሲተኩ ያጡት ጥቂት ሮክ ነው፤ ከ1970ዎቹ የወሎ ኪነት ዝግጅት ላይ ሙዚቃው ከወጣ የሚቀረው ባዶ መድረክ ነው።

ዩቲዩብም እስከ አሁን ችግሩን አልፈታውም፤ ሌላ መልክ ሰጠው እንጂ። ድምፅን ከድምፅ የሚያመሳክር ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ እየሠራ ነው። ቀድሞ ያስመዘገበ ሰው እንደ ባለቤት ይቆጠራል፤ ካሴቱን ያሳተመው ሙዚቃ ቤት ይሁን ከሚሞሪ ገልብጦ ያስመዘገበ ሰው ማሽኑ አይለይም። ገቢው ለፈጣኑ ይሄዳል። እውነተኛው ባለቤት ሊከራከር ይችላል፤ ለመከራከር ግን የሚያሳየው ነገር ያስፈልገዋል።

እንግዲህ በላሊበላ ኪነትም ሆነ በሌላ ቡድን ያለፋችሁ፣ ወይም ያለፉ ወላጆች ያሏችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤታችሁ ያለ የካሴት ሽፋን፣ የደመወዝ ደብተር፣ የመድረክ ፕሮግራም ካለ አትጣሉት፤ ፎቶ አንሡት። የትኛውን ግጥም ማን እንደጻፈ፣ ዜማው የማን እንደነበር፣ በየትኛው ዓመት የት እንደተቀረጸ የሚያስታውሱት ገና በሕይወት እያሉ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ምስክር አስፈርሙበትና አንዱን ቅጂ ለባህል ቢሮ፣ አንዱን ለጋራ አስተዳደር ማኅበሩ ስጡ።