ቀስት በክንድ ልክ ይገዛል

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚጓዝ ሰው ዴራን ሲያልፍ የሚያየው ግራርና ቁጥቋጦ የለበሰ ደረቅ ምድር ነው። እዚያው አጠገብ ያለው ዴራ ድልፈቀር ቀንዱ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ የሚወጣው የቆላው አጋዘን መጠጊያ ሲሆን፣ ዛሬ ከጭላሎ ገለማ፣ ከካካና ከሁንቆሎ ጋር የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አንድ ክፍል ሆኗል። በደጋው የሚኖረው የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም። የውጭው ዓለም እሱን ያወቀው አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1908 ከዝዋይ ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ባሉት ተራሮች አድኖ ከወሰደው በኋላ ነው፤ በ1910 ሳይንሳዊ ስም ወጣለት። ከጥይቱና ሽቅብ ከገፋው እርሻ የተረፈው ዛሬ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፦ ከዚህ በታች ስለ አደን ቀስት የምጽፈው ለዴራም ለጭላሎም አይደለም። በአገራችን ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ወንጀል ነው፤ በፓርክ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

የምጽፈው ባሕር ማዶ ላሉት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሚኒሶታ የብዙ አርሲዎች መኖሪያ ከሆነች ቆይታለች። እዚያ ዲር የሚሉት፣ ቀንዱ በየዓመቱ እየረገፈ እንደገና የሚበቅለው እንስሳ በብዛት አለ፤ በቀስት የሚታደንበት ወቅትም በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ይዘልቃል። ከሥራ ባልደረባው ጋር አንድ ቀን ዒላማ ተኩሶ ልቡ የተነካ ወጣት በማግስቱ ሱቅ ይሄዳል። ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም፣ ብዙ ትከሻ የሚጎዳውም ያን ቀን ነው።

ሱቁ ውስጥ ተሰቅሎ የሚያገኘው ኮምፓውንድ ቀስት ነው። በጥንቱ ቀስት አውታሩ በተሳበ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል፤ ከምንም በላይ የሚከብደውም አዳኙ ትንፋሹን ይዞ ዒላማውን በሚያነጣጥርባት ቅጽበት ነው። የጉሙዝ ሰው በእንዲህ ዓይነቱ ቀስት የሚመታው ከልጅነቱ ጀምሮ እጁን ስላስለመደ ነው። የሚዙሪው ሆሊስ ዊልበር አለን ይህን ችግር ለማቃለል እንብርታቸው ከመሐል ፈንጠር ያለ ሁለት መዘውሮችን በቀስቱ ጫፎች ላይ ገጠመ። እ.ኤ.አ. በ1966 የፈጠራ መብት አመልክቶ በ1969 ተፈቀደለት። መዘውሮቹ ዛሬ ካም ይባላሉ። አውታሩ ሲሳብ መጀመሪያ ይከብዳል፤ ካሙ ዞሮ ሲያልፍ ግን ሸክሙ ባንዴ ይቀልላል። ቅናሹ 80 በመቶ በሆነ ቀስት፣ 50 ፓውንድ የሳበ ሰው በመጨረሻ እጁ ላይ የሚቀረው 10 ፓውንድ፣ ማለትም አራት ኪሎ ተኩል ያህል ብቻ ነው። ጉልበቱ የትም አልሄደም፤ በተለመጡት የቀስቱ ክንፎች ውስጥ ተጠራቅሟል። አዳኙ ግን ሳይንቀጠቀጥ እንስሳው እስኪዞርለት መጠበቅ ይችላል። ይህ ቀስት እ.ኤ.አ. በ2028 በሎስ አንጀለስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ይገባል።

ይሁንና ኮምፓውንድ ቀስት ልክ አለው። አውታሩ የሚሳበው ካሙ እስከፈቀደለት ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግድግዳ እንደነካ ይቆማል። ስለዚህ ቀድሞ የሚታወቀው የስበት ርዝመት ነው። ሁለት እጅን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ከመሐል ጣት ጫፍ እስከ መሐል ጣት ጫፍ በኢንች መለካትና ለ2.5 ማካፈል ነው። ስፋቱ 70 ኢንች፣ ማለትም 178 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው 28 ኢንች ይደርሰዋል። ቁጥሩ መነሻ ነው፤ የሚያጸናው ባለሙያው ሰውየው ቀስቱን ሲስብ ሲያየው ነው። የረዘመበት ሰው ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ አውታሩም ክንዱን እየገረፈ ያበልዘዋል። ከወንድም ወይም ከጓደኛ የተገኘ ቀስት የማይመከረውም በዚህ ምክንያት ነው።

የስበት ክብደት ላይ ደግሞ ኩራት ጣልቃ ይገባል። የእኛ ሰው አደንን ከጀግንነት ጋር አያይዞ ያደገ ነውና ሱቅ ገብቶ 70 ፓውንድ ካልሳበ ያነሰ ይመስለዋል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሚኒሶታ ለዲር የምትጠይቀው ዝቅተኛው ክብደት 30 ፓውንድ ነው፤ ከ40 እስከ 50 ባለው ቀስት የተላከ ስለታም ፍላጻ በቅርብ ርቀት የዲርን ሳንባ አልፎ ይወጣል። ልክን ማወቂያው ቀላል ነው፦ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ እግርን ከመሬት አንሥቶ፣ ቀስቱን ወደ ሰማይ ሳያነሡ ፊት ለፊት ቀጥ አድርጎ መሳብ። ቀስቱን ሽቅብ ሳይወረውር መሳብ ያቃተው ሰው ክብደቱ በዝቶበታል። ሱቅ ውስጥ በሞቀ ሰውነት የተሳበው 60 ፓውንድ፣ በኅዳር ብርድ ዛፍ ላይ ሦስት ሰዓት ለተቀመጠ ሰው አይሳብም። ቢሳብም የሚንፈራገጠው ክንድ እንስሳውን ያባርረዋል። ጡንቻው ሲለምድ ክብደቱን መጨመር ይቻላል፤ የተቀደደ የትከሻ ጅማት ግን በቀላሉ አይመለስም።

ዓይንም ይለካል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሁሉ በቀኝ ዓይኑ አያነጣጥርም። ሁለት መዳፍን አጣምሮ በመሐላቸው በተተወ ቀዳዳ ሩቅ ያለን ነገር እያዩ አንድ ዓይን በተራ መጨፈን ነው፤ ነገሩ ሳይሰወር የሚቀርለት ዓይን ገዢው ነው። ቀስቱም በዚያ ዓይን በኩል እንዲሆን እመክራለሁ።

ለጀማሪ የሚሻለው ማስተካከያው ሰፊ የሆነ ቀስት ነው። ዳይመንድ ኢንፊኒት ኤጅ ፕሮ ከ5 እስከ 70 ፓውንድ፣ ከ13 እስከ 31 ኢንች ይስተካከላል፤ ቤር ክሩዘር ጂ2 ከ5 እስከ 70 ፓውንድ፣ ከ12 እስከ 30 ኢንች። እንዲህ ያሉት ከማነጣጠሪያና ከፍላጻ ማሳረፊያ ጋር ተገጥመው ስለሚሸጡ ከስመ ጥሮቹ ውድ ቀስቶች እጅግ ይረክሳሉ። የተረፈው ገንዘብ ለጥሩ ፍላጻ፣ አውታር ለመልቀቂያው ሪሊዝና ለዒላማ ይዋል። አሮጌ የሚገዛ ሰው ክንፎቹ እንዳልተሰነጠቁ በጣቱ ይዳስስ፤ የተበጣጠሰ አውታርና ኬብል መለወጥ የዋጋው አካል መሆኑንም አይርሳ። አንድ ክልክል አለ፦ ፍላጻ ሳይደገን ባዶ አውታር መልቀቅ። የተጠራቀመው ጉልበት መሄጃ ሲያጣ ቀስቱን ራሱን ይሰብራል፤ ስብርባሪው ፊት ላይ ነው የሚያርፈው።

ከዚህ ወዲያ ያለው የርቀት ጉዳይ ነው፤ ለእኔ ትልቁ ጉዳይም ይኸው ነው። እንዲህ ካለ ቀስት የወጣ ፍላጻ በሴኮንድ 80 ሜትር ግድም ይበራል፤ ድምፅ ግን 340 ሜትር ይጓዛል። ሃያ ሜትር ላይ ፍላጻው ሩብ ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ አርባ ሜትር ላይ ግማሽ ሴኮንድ። ዲር የአውታሩን ድምፅ ሰምቶ ለመሮጥ ጎንበስ ሲል፣ ለልብ የታለመው ፍላጻ ጀርባ ላይ ያርፋል፤ እንስሳው ቆስሎ ጫካ ገብቶ ለቀናት ይሠቃያል። ጀማሪ ከሃያ ሜትር በላይ ፍላጻ መልቀቅ አይገባውም፤ ያም ቢሆን ጎኑን የሰጠ፣ ያልደነገጠ እንስሳ ላይ ነው። ከተመታም በኋላ ሮጦ መከተል ይበልጥ ያሸሸዋልና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ ደሙን እየተከተሉ መሄድ ይሻላል።

እንዲህ ግማሽ ሰዓት መጠበቁ ለእኛ ሰው ሌላ ጥያቄ ያመጣል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ዋላንና ሚዳቋን ከሚበሉት ይቆጥራል፤ ነገር ግን ቢላ ሳይደርስለት የሞተውን በክት ነው ብሎ የማይቀምስ ክርስቲያን ብዙ ነው። በእስልምና በኩል ፍላጻው ሲለቀቅ የአላህ ስም ከተጠራበትና በስለቱ ወግቶ ከገደለ ሥጋው ይበላል፤ በጎኑ ደብድቦ የገደለው ግን አይበላም፤ ሐዲስ ላይ ተለይቶ የተቀመጠ ነው። አደን የወጣ ሰው ሥጋውን ቤቱ ካልበላለት አደኑ ከንቱ ግድያ ነውና፣ የንስሐ አባትን ወይም ሼኩን መጠየቅ ያለበት እንስሳው ከወደቀ በኋላ አይደለም።

ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ግዙ፤ የዚያን አገር በጋ ሙሉ ዒላማ ላይ ተለማመዱ፤ በሃያ ሜትር ፍላጻዎቻችሁ ሁሉ ከመዳፍ በማይሰፋ ቦታ ላይ ካላረፉ በዚያ መስከረም ጫካ አትግቡ። የአዳኝ ትምህርቱንና ፈቃዱን ደግሞ ከቀስቱ በፊት ጨርሱ፤ የየግዛቱ ሕግ ስለሚለያይ የምትኖሩበትን ግዛት የዘንድሮ መመሪያ አንብቡ።